ከጌጤ ተደብቆ የተሰጠኝ ማንጎ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታናሽ እህቴ ለኢየሩስ፣

ሳሮ ኢየሩስ። እንዴት ነሽልኝ? ከሁሉ በፊት እማ በሕይወት አለች። ሰው በሰው አገር ሆኖ ከቤት ወረቀት ሲደርሰው ልቡ ምን እንደሚል ስለማውቅ ነው ይህን ያስቀደምኩት። አለች፤ ትሄዳለች፤ ትናገራለች፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ ወጡን ጨው አበዛሽበት ብላ ስትቆጣኝ ነው ያረፈደችው። ስለዚህ አትደንግጪ። ያቺ የምትጦሪያት አሮጊት ስትተኛልሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ አጭር አይደለም።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ደግሞ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። በቴሌግራም ሦስት ጊዜ ጽፌልሽ ሦስቱንም ሳልልከው አጠፋሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ደግሞ ካልተያዝኩ የማመልጥ ሰው መሆኔን ዘንድሮ አውቄአለሁ። ስልክም አይሆንም። አንቺ ስትደውዪ እማ ስልኩን ላውድ አድርጋ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እኔ ከጎን ሆኜ "ደህና ነን" ከማለት ሌላ አፍ የለኝም። ይህን የምታመጣልሽ የጎረቤታችን ልጅ አይዳ ናት። እሷም ለሥራ እዚያው ዓረብ አገር፣ አማን ነው የምትመጣው። እንዳትከፍተው ቃል አስገብቻታለሁ።

መጀመሪያ ልንገርሽና ይውጣልኝ፤ እቀናብሻለሁ። ድሮም ሳታውቂው አትቀሪም፣ ግን በአፌ ብዬሽ አላውቅም። አንቺ ስትወለጂ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ "ጌጤ ውሃ አምጪ" ሆነ፣ ያንቺ ደግሞ "የኔ ሆድ"። አንቺ ስታለቅሺ የምገረፈው እኔ፣ አንቺ ስትስቂ የሚጠራው ጎረቤት። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ታዴዎስን አግብቼ፣ ሁለት ልጅ ወልጄ ይለቀኛል ብዬ ነበር። የት ይለቀኛል እቴ! አማን ከሄድሽ በኋላማ ባሰበት። ፎቶሽ ሳሎን ግድግዳ ላይ ወጣ፤ የኔ የሰርግ ፎቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ብርድ ልብስ ስር ነው። አንድ ሻርፕ ብትልኪ ሰፈሩ ሁሉ ዳስሶት ይመለሳል፤ እኔ በየቀኑ የማቀርብላትን ምሳ ማን አየው? አንቺ እዚያ የሰው እናት ታጥቢያለሽ፣ እኔ እዚህ የኛን አጥባለሁ፤ ምስጋናው ግን ሁለቱም ያንቺ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አሉ፤ እኔ መዳብ ሆኜ ነው የኖርኩት።

የኛ ነገር ያው ነው። ታዴዎስ በፒካፑ ከጫኖ ሙዝ ያመላልሳል። እኔ ጠዋት ጠዋት ከጫሞ የመጣውን አሳ እረከባለሁ፣ ቆዳውን እገፍፋለሁ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቼ ፊሌቶውን አውጥቼ ለምግብ ቤቶቹ አስረክባለሁ። ከቤታችን አሳ ጠፍቶ አያውቅም። አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ ግን እማ አሳ እምቢ አለች። ቀጥላ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ሥጋ፣ ሁሉንም ተወች። "ሆዴ አልስማማው አለ" ብላ ዘጋችው። እኔ የመሰለኝ ምን እንደነበር ልንገርሽ? ጠረኔ። አሳ አሳ ስለምሸት የተጸየፈችኝ መስሎኝ ስንት ዓመት እጄን በሎሚ ስፈትግ ኖርኩ መሰለሽ። ኢየሩስ ብታበስልላት ኖሮ ትበላ ነበር እያልኩ በሆዴ እቃጠል ነበር። ለካ ነገሩ ሌላ ነው፤ እደርስበታለሁ።

አምና ክረምት ላይ እግሯን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ያቃጥለኛል አለች፤ ከዚያ ደነዘዘኝ፤ ከዚያ ጥጥ የምረግጥ ይመስለኛል አለች። ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ መንገድ ላይ ይቀርና እሷ ሳታውቀው በባዶ እግሯ ቤት ትገባለች። ምላሷ ቀልቶ ልሙጥ ሆነ፤ ያቺ ዳጣ ከሌለ ምግብ አይጥመኝም የምትል ሴትዮ በርበሬ ሲሸታት ትሸሽ ጀመር። መርሳትም መጣ። ሻይ ላይ ጨው ትጨምራለች፣ ገበያ ወጥታ ባዶ ዘንቢል ይዛ ትመለሳለች። ቸርች ውስጥ ለምስክርነት ተነሥታ መሃል ላይ ቀጥ አለች፤ ሰዉ "አሜን፣ አሜን" እያለ ሲያግዛት እሷ ለምን እንደቆመች ረስታዋለች።

ምን አደረግን መሰለሽ? ሽፈራው! ሌላ ምን ሊሆን። እዚህ አገር ሽፈራው የማያድነው በሽታ አለ ወይ? የዓለም ቫይታሚን ሁሉ እዚያች ቅጠል ውስጥ አለ እየተባልን አይደል ያደግነው። ታዴዎስ ቅጠሉን በእስር በእስር ያመጣል፣ እኔ የበቆሎ ቁርቁፋው ላይ እጨምራለሁ፣ ዱቄቱን በሻይ አጠጣታለሁ። ስትደክም ጨመርን፤ ስትረሳም ጨመርን። ጤና ጣቢያ ብወስዳት ደሟን አይተው "የደም ማነስ የለባትም፣ ደሟ ጥሩ ነው፤ ዕድሜ ነው" አሉኝ። እንዴት እንደኮራሁ ብታዪ! ስድሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ዕድሜ ይሆናል፤ ደሟ ግን ጥሩ ነው፣ ሽፈራውን የማጠጣት ደግሞ እኔ ነኝ። ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁት።

ከዚያ ጥቅምት ሆነ። ጸጉሯን ላበጥርላት ከኋላዋ ተቀምጬ ሳለ እጄን ይዛ ወደ ፊቷ ጎተተችና ሳመችው። "ኢየሩስ፣ መቼ መጣሽ?" አለችኝ። በጋሞኛ ነው፣ ያም ለአንቺ ብቻ በምታወጣው ድምፅ። "እማ፣ ጌጤ ነኝ" አልኳት። "ተይ አታሹፊ" ብላ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን "ኢየሩስ" ስትል "አቤት" አልኳት። ኃጢአቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ በአንዲት "አቤት"።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። መጀመሪያ ላለማስከፋት ብዬ ነው አልኩ። ታዴዎስ "ለምን ጌጤ ነኝ አትያትም?" ሲለኝ "እንዲህ ያለ ሰው አትከራከሩት ይላል ሐኪም" ብዬ ዋሸሁት፤ ምንም ሐኪም አላለኝም። እውነቱ ምንድን ነው፣ ጣፈጠኝ። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ እናቴ ጭን ላይ ጋደም ብዬ ጸጉሬን አሻሸችኝ። "ከሳሽ፣ እነዚያ ሰዎች አያበሉሽም?" ብላ ክንዴን ለካችኝ። እኔን! ይህን ክንድ! አሳ ስጎትት የፈረጠመውን ክንድ! ሥራ ውዬ ስገባ "መጣችልኝ" ብላ ትነሣለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሥራ ስገባ የሚቀበለኝ "ሳሙና አልቋል" የሚል ቃል ነበር።

አንድ ቀን ማንጎ ልጣ፣ ከትፋ፣ በሻርፕሽ ሸፍና ጠበቀችኝ። "ቶሎ ብዪው፣ ጌጤ እንዳታይሽ። ትቀናለች፤ እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ቀናተኛ ናት" አለችኝ። በላሁት። ከራሴ ተደብቄ በላሁት ኢየሩስ! እንደዚያ የጣፈጠኝ ማንጎ የለም፣ እንደዚያም ያነቀኝ የለም። "ጌጤንስ አትወጃትም እማ?" አልኳት። "ጌጤማ አለች" አለች። "እሷ ምን ትሆናለች?"

አሁን ቀና ብለሽ አስታውሺ። ከጥቅምት ጀምሮ ስትደውዪ "ተኝታለች"፣ "ኔትወርክ የለም"፣ "ቸርች ናት" እያልኩ አላገናኛችሁም ነበር አይደል? አንድ ቀን ድምፅሽን ሰምታ "ይቺ ማናት? ኢየሩስ እኮ እዚህ ናት" ስትል ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ካርድ አልቆብሽ መስሎሽ ነበር፤ እንደገና ደውለሽ ይቅርታ ጠየቅሽኝ። ይቅርታሽን ተቀበልኩ። እስኪ ከዚህ የበለጠ ምን ክፋት አለ?

ጥር ላይ ፊሌቶ ስቆርጥ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና "ከዚህ ጠብሰሽ ስጪኝ" አለችኝ።

"ሆድሽስ?" አልኳት።

"ሆዴ ምን አለው? ስለት ነበረብኝ እንጂ። የኢየሩስን ዓይን እስካይ ድረስ አሳ በይው ሥጋ፣ ወተት በይው እንቁላል፣ አፌ አይገባም ብዬ ለጌታ ተስዬ ነበር። አሁን መጥተሽልኛል፤ አበቃ።"

ቢላዋው እጄ ላይ ቀረ። አምስት ዓመት ከምናምን! እኔን የመጀመሪያ ልጄ ምጥ ሁለት ቀን ሲያስጨንቀኝ ምሳዋን በልታ ነው የመጣችው፤ ራሷ ናት የነገረችኝ። ለአንቺ ግን በአሳ ቤት ውስጥ ተቀምጣ አምስት ዓመት። ጠብሼ ሰጠኋት። አጥንቱን ሳይቀር እየመጠጠች በላች። እኔ ዞር ብዬ አለቀስኩ፤ ስለበላች ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ፤ በቅናት ነው።

በማግሥቱ ሲስተር ኖላዊት አሳ ልትገዛ መጣች። ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ነርስ ናት፣ ደንበኛዬ ናት። እንደ ሐሜት አድርጌ ነገርኳት፤ "እናቴ ለእህቴ ብላ ይህን ያህል ዓመት ምንም ሳትቀምስ" አልኳት። ልጅቷ አሳውን አስቀመጠች። "እንቁላልም? ወተትም?" አለች። እግሯስ? ምላሷስ? መርሳትስ? እኔ ሳልነግራት ሁሉንም እሷ ጠየቀችኝ። ቢ ትዌልቭ የሚባል ቫይታሚን አለ አለችኝ። ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ ልባስ አለው፤ ያ ልባስ እንዳይላጥ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ አእምሮም ያለ እሱ ይደክማል። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከአሳ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። "ሽፈራውስ?" አልኳት። "ሽፈራው ብዙ ጥሩ ነገር አለው፤ ይህ ግን የለውም" አለች። ሰው መብላት እንዳቆመ ወዲያው አይታመምም፤ ጉበት ለዓመታት የሚሆን ስንቅ ያስቀምጣል። እማ ስንቋን ጨርሳለች። "ደሟ ጥሩ ነው ብለውኝ ነበር እኮ" ብላት፣ በሽፈራው ውስጥ ፎሌት የሚሉት ሌላ ቫይታሚን ሞልቷል፣ ደሟን እሱ ደግፎ ይዞት ይሆናል፣ ነርቯ ግን ከስር እያለቀ ነው አለችኝ። ያ የኮራሁበት ሽፈራው በሽታውን ሲሸፍንልኝ ከረመ ማለት ነው። አሳ ቆራጭ ቤት ውስጥ ሰው አሳ ውስጥ ያለውን ነገር አጥቶ አእምሮውን ሲስት፣ እንዲህ ያለ ጉድ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ደሟን አዲስ አበባ ልከው ውጤቱ ሲመጣ ቫይታሚኑ ከሚገባው እጅግ ያነሰ ነው። ሐኪሙ መርፌ አዘዘ፤ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ። መድኃኒቱ ቀይ ነው፣ የቀይ ሥር ውሃ ይመስላል። "ትድናለች?" አልኩ። ኖላዊት "ትመለሳለች፤ ምን ያህል እንደምትመለስ ግን ቀድሞ አይታወቅም። ብቻ እንዳታቋርጪ" አለችኝ። ትመለሳለች የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ። የምትመለሰው ወዴት ነው? ወደ "ጌጤማ አለች" ነው።

እኔም ተመርምሬያለሁ። አትሳቂ። እናቴን የያዛት እኔንም ይዞኝ ይሆናል፣ ይህ ሁሉ ክፋት ከቫይታሚን ማነስ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። "አንቺማ ሞልቶሻል፣ አሳ ትበያለሽ" አሉኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግርሽ ነገር በሽታ አይደለም። የራሴ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ምላሷ ዳነ፤ ዳጣ ጠየቀች። መጋቢት ሲገባ ጸጉሯን ሳበጥርላት ዞር ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። "ጌጤ" አለች። እጇን ከእጄ አወጣች። በክፋት አይደለም፣ እንዲሁ ነው ያወጣችው። "ዛሬ ቶሎ ገባሽ፣ አሳው አልቋል እንዴ?" አለችኝ። "አዎ፣ አልቋል" አልኳት። ማበጠሪያውን አስቀምጬ ጓሮ ሄድኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት የመርፌዋ ቀን ሲደርስ አልወሰድኳትም። ለታዴዎስ "መድኃኒቱ አልቋል አሉ" አልኩት። ለኖላዊት "ዘመድ ጥየቃ ካምባ ሄዳለች" ብዬ መልእክት ላክሁላት። በሁለተኛውም ሳምንት እንዲሁ። እንዳትድን አይደለም፣ እግዜር ያውቃል፤ ትንሽ እንድትቆይልኝ ነው። ጠዋት ስትነሣ ጌጤ ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ደከም ሲላት ኢየሩስ እሆናለሁ። ስለዚህ ደንበኛ እያባረርኩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት መገኘት ጀመርኩ። አንቺን ለመሆን እሮጥ ነበር ኢየሩስ። አየሽ የት እንደደረስኩ?

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ከበረንዳው ደረጃ ስትወርድ እግሯ የት እንዳረፈ ሳታውቀው ወደቀች። የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። እኔ ጓሮ ነበርኩ። ከጸጉሯ እስከ ጥፍሯ ኢየሩስ ኢየሩስ ስትል የከረመች ሴት ስትወድቅ ማንን የጠራች ይመስልሻል? "ጌጤ!" ነው ያለችው። "ጌጤ፣ ድረሽልኝ!" ደረስኩ። አንሥቼ ሳቅፋት እንኳ "ጌጤ አለች፣ ጌጤ መጣች" እያለች ራሷን ታጽናና ነበር።

በዚያው ቀን ኖላዊትን ለብቻዋ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ያደረስኩባት እኔ ነኝ ወይ?" አልኳት። "ሁለቱ ሳምንት ነው ብሎ መናገር አይቻልም፤ እግሯ ላይ ጉዳቱ ቀድሞም ነበር። አሁን ግን የምናሳልፈው ሌላ ቀን የለንም" አለች። መርፌውን እንደገና ጀመርን፤ ከዚያ ወዲህ በእኔ በኩል አንድም ቀን አላስታጎልኩም። የቀኝ እግሯ ጣቶች እስከ ዛሬ እንደደነዘዙ ናቸው። ኖላዊት ሊቀር ይችላል ብላኛለች። ባየኋቸው ቁጥር ምን እንደሚሰማኝ ለአንቺ አልነግርሽም።

ግንቦት ላይ እማ ሙሉ በሙሉ ተመለሰች። የልጆቼን ልደት በቀኑ ነገረችን፤ የታዴዎስን እናት የሰርጋችን ቀን ምን እንዳለቻት ሳይቀር አስታወሰች። አንድ ቀን ጎመን ስትቀነጥስ "ጌጤ፣ ኢየሩስ መጥታ ነበር እንዴ?" አለችኝ።

"አልመጣችም እማ።"

"ጸጉሬን ስታበጥርልኝ ትዝ ይለኛል። ሕልም ነው ማለት ነው?"

የቀነጠሰችውን ጎመን ወደ ድስቱ ሰበሰብኩ።

"አሳ የበላሁትስ? እሱም ሕልም ነው?"

ዋሽቼ ልለፈው ብዬ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። "እኔ ነኝ ያበላሁሽ። ታመሽ ኢየሩስ መስዬሽ ነው" አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ጎመኑን አስቀምጣ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። "ስለቴን አፈረስኩ። ልጄ ላይ አንድ ነገር ቢደርስስ?" ነው ያለችው። እኔን ለመቆጣት እንኳ አልደረሰችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደገና ከአንድ ብላ ጀምራለች። አሳ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም። መርፌውንም "ከምን እንደተሠራ ማን ያውቃል" ብላ እምቢ ካለች ይኸው ወር ሆናት። ኖላዊት ቤት ድረስ መጥታ ለመነቻት፤ ምግቡም መርፌውም ከቀረ ሁሉም ተመልሶ ይመጣል፣ ሁለተኛ ጊዜ የሄደው ላይመለስ ይችላል አለቻት። "እሺ የኔ ልጅ" ብላ ሸኘቻት። ወንጌላዊ ኤርጫፎ መጥቶ "ጌታ የአንቺን እግርና አእምሮ አልጠየቀም" ቢላት "አንተ በሰው አገር ልጅ የለህም" አለችው። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ባለፈው እሑድ ወተት ጠጪ በያት ብዬ መልእክት የላክሁልሽ ለዚህ ነው። "ጠጪ እማ" ስትያት "እሺ የኔ ሆድ" አለችሽ፤ ስልኩ እንደተዘጋ ብርጭቆውን ለልጆቹ ሰጠች። "ፊቷን በቪዲዮ አይተሽው የለም?" ብላት "መስታወት ነው እሱ። ዓይኗን ነው ያልኩት" አለችኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤ እናትሽ እንዲህ ሆናለች።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ነይ ልልሽ አልነበረም። ኑዛዜዬን ተናዝዤ፣ ምከሪያት ብዬሽ ልዘጋው ነበር። ቅድም ግን ለጸሎት ስትንበረከክ አየኋት፤ ለመነሣት እግሯን ፈልጋ አጣችው፤ ወንበሩን ይዛ እንደምንም ተነሣች። እንዳየኋት አላወቀችም።

ባለፈው ወር "ውሌ መስከረም ላይ ያልቃል፣ ላድሰው ወይስ ልምጣ?" ብለሽ ስትጠይቂኝ "አድሺው፣ እማ ደህና ናት" አልኩሽ። ደህና አልነበረችም። መርፌ እምቢ ካለች ሦስት ቀኗ ነበር። እንድትመጪ አልፈለግኩም። እንዲያውም እንዳትመጪ ጸልያለሁ፤ እሷ እንድትመጪ በምትጸልይበት ምንጣፍ ላይ ተንበርክኬ። ምን እንደሚሆን አውቀዋለኋ። በሩ ላይ ታቅፍሻለች፣ ጮኻ ሰፈሩን ትሰበስባለች፣ አሳውን ከእጅሽ ትበላለች፣ ክንዷን ገልጣ ለኖላዊት ትሰጣለች። አእምሮዋ ይተርፋል። እኔን በዚያ ቀን ዞር ብላ አታየኝም፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ቀን።

ልጆቹ ይስሙሻል። ታዴዎስ ሰላም በያት ብሏል፤ ምን እንደጻፍኩልሽ ግን አያውቅም። ለዚያች አሮጊትሽም ጌታ ዕድሜ ይስጣት፣ የሚጦራት ደግ ሰው ይላክላት። አንቺን በመውጣትሽም በመግባትሽም ይጠብቅሽ፤ ክፉ አይይሽ፤ በሰው አገር ያፈሰስሽው ላብ በረከት ይሁንልሽ።

ውሉን አታድሺው። ቅናቱ ገና አልለቀቀኝም፤ እስኪለቀኝ ብጠብቅ ግን እማን አናገኛትም። ነይ።

ታላቅ እህትሽ
ጌጤ